ስለ «ተፈናቃይ» ስምና ስለ እንግሊዝኛው አቻ

አንድ ቃል ከአንዱ ሕዝብ ቋንቋ ወደ ሌላው በተሻገረ ጊዜ ትርጓሜውን ሁሉ ይዞ አይሻገርም፤ ከፊሉ በመንገድ ይቀራል፥ ከፊሉም በደረሰበት አገር ሌላ መልክ ይይዛል። የመጻሕፍት መምህሮቻችን ከጽርእና ከዐረብ ወደ ግዕዝ፥ ከግዕዝም ወደ አማርኛ ሲመልሱ ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ስለዚህም ለአንድ ቃል ብዙ ቀን ይከራከሩ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ከእንግሊዝኛ የሚመለሱት ቃላት በሊቃውንት ጉባኤ ተመርምረው የሚገቡ አይደሉም፤ በደብዳቤ፥ በመዝገብና በቅጽ ላይ ተጽፈው፥ ማኅተም ተደርጎባቸው ይገባሉ እንጂ። ማኅተም ያረፈበት ቃል አለቦታው የገባ እንደ ሆነ የሚጎዳው አንባቢውን ብቻ አይደለም፤ ስሙ ከቃሉ ጋራ የተጻፈውን ሰው ጭምር ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር በመጠኑ ትንሽ ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ ተወልዶ በዚያው ያደገ አንድ ሕፃን መዋዕለ ሕፃናት ሊገባ በተመዘገበበት ወረቀት ላይ፥ የመጣበትን ስፍራ በሚጠይቀው ዐምድ «ተፈናቃይ» ተብሎ ተጽፎ አየን። እናቱ ከወለጋ ሸሽታ የመጣች ናት፤ እርሱ ግን ከየትም አልመጣም። ጸሓፊውን በጠየቅነው ጊዜ በፍጹም ቅንነት፥ የእናቱ ስም በዚያ መዝገብ ስለ ተጻፈ የልጁም በዚያው መጻፍ ይገባዋል ብሎ መለሰልን። ክፋት አላሰበም፤ ሥራውንም አልበደለም። ነገር ግን በአንድ ሰው ላይ የደረሰ መከራ መጠሪያ የነበረው ቃል፥ ከእናት ወደ ልጅ እንደ ርስት የሚወርድ ስም ሆኖ አገኘነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለማወቅ ቃሉ ከወዴት እንደ መጣ መመርመር ያስፈልጋል።

የእንግሊዝኛን ቃል ከአማርኛ ቃል ፊት ለፊት አድርጎ የመጻፍ ሥራ ለደብረ ብርሃን አውራጃ እንግዳ አይደለም። ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ፥ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የስብከት ማኅበር የላካቸው ሁለት ጀርመኖች በ1831 ዓ.ም. ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጥተው በአንኮበር ተቀመጡ። ከሁለቱም ኢዘንበርግ በ1833 ዓ.ም. በሎንዶን ባሳተመው መዝገበ ቃላት አማርኛውን በእንግሊዝኛ፥ እንግሊዝኛውንም በአማርኛ ፈትቷል። በዚያ ዘመን ግን «ዲስፕሌስድ ፐርሰን» የሚባል የሰው መጠሪያ በእንግሊዞችም ዘንድ ገና አልተለመደም ነበር።

«ዲስፕሌስ» የሚለው ግስ ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ከሁለት ክፍል የተገጠመ ነው፤ «ዲስ» መለየትንና ማራቅን ያመለክታል፥ «ፕሌስ» ደግሞ ስፍራ ማለት ነው። እንግዲህ በቀጥታ ቢፈታ «ከስፍራው አራቀ» ይሆናል። እንግሊዞችም በብዙ መንገድ ይናገሩበታል። ዕቃ ከተቀመጠበት ሲነሣ፥ አጥንትም ከመጋጠሚያው ሲወልቅ በዚሁ ይጠሩታል፤ ሹም ከሹመቱ ሲነሣም እንዲሁ። ደግሞ አንዱ የሌላውን ቦታ በያዘ ጊዜ፥ ለምሳሌ መኪና የበቅሎን ሥራ በወሰደ ጊዜ፥ መኪና በቅሎን «ዲስፕሌስ» አደረገ ይላሉ፤ በዚህ አነጋገር ውስጥ መነሣት ብቻ ሳይሆን መተካትም አለ። የመርከብም ክብደት የሚለካው ከስፍራው ገፍቶ ባስለቀቀው ውሃ መጠን ስለሆነ፥ መርከበኞች የመርከቡን ክብደት ራሱን በዚሁ ቃል ይጠሩታል።

በትርጓሜ የሚቀራረቡትን ሌሎች ቃላት ስንመለከት የዚህ ቃል ጠባይ ይበልጥ ይገለጣል። «ኢቪክት» ያለ እንደ ሆነ ባለቤት ወይም ዳኛ አንድን ሰው ከቤት ወይም ከመሬት ማስወጣቱን ይናገራል፤ ውል ወይም ፍርድ ከኋላው አለ። «ኤክስፔል» ማባረር ነው፤ የሚያባርር ባለሥልጣን በግልጥ ይታያል። «ባኒሽ» በፍርድ ማጋዝ ነው። «አፕሩት» ከነሥሩ መንቀል ሲሆን ሐዘን ያለበት ቃል ነው፤ ሰሚው ዛፉንም ጕድጓዱንም ያስባል። «ሪሎኬት» ግን ለስላሳ ነው፤ መሥሪያ ቤት ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲዛወር እንደሚባለው ያለ ነው፥ ዕንባም የለበትም። «ዲስፕሌስ» ከነዚህ ሁሉ መካከል የቆመ ነው። ሰውዬው በስፍራው አለመኖሩን ይናገራል፤ ማን እንዳስነሣው፥ በፍርድ ይሁን በግፍ፥ በጎርፍ ይሁን በጦር አይናገርም። ለዲፕሎማቶች የተመቸውም ስለዚህ ይመስለናል፤ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የሚካሰሱ መንግሥታት ሁሉ ሊፈርሙበት የሚችሉት ቃል ነውና።

ይህ ቃል የሰው መጠሪያ ሆኖ የገነነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ጦርነቱ በ1937 ዓ.ም. በአውሮፓ ሲያበቃ በጀርመንና በአውስትሪያ ምድር ከአገራቸው በግድ የተወሰዱና የሸሹ ሚሊዮኖች ሰዎች ተገኙ። የጦር ሹማምንት እነዚህን ሁሉ «ዲስፕሌስድ ፐርሰንስ» ብለው መዘገቧቸው፤ ጥቂትም ሳይቆይ ስሙ አጥሮ «ዲፒ» ሆነ። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተመለሱበት ቤት የፈረሰባቸው፥ ወይም አገዛዙ የተለወጠባቸው ግን በየሰፈሩ ቀሩ፤ የአይሁድ የመጨረሻው ሰፈር የተዘጋው 12 ዓመት ያህል ቆይቶ በ1949 ዓ.ም. ነው። በነዚህ ሰፈሮች ብዙ ሕፃናት ተወልደዋል፤ እነርሱም «ዲፒ» ተባሉ። ስለዚህ በደብረ ብርሃኑ ወረቀት ላይ ያየነው ነገር ከዚህ በፊት በሌላ አገር የታየ ነው፤ የእኛ ጸሓፊ ብቻውን ያመጣው ስሕተት አይደለም።

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። «ፈነቀለ» የገበሬ ቃል ነው። በእርሻው ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ያለበት ሰው በዶማ ወይም በጠንካራ እንጨት ከሥሩ ገብቶ ድንጋዩን ሲያነሣው ፈነቀለ ይባላል፤ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለውን ድንጋያማ መሬት የሚያርስ ሁሉ ሥራውን ያውቀዋል። መንግሥትን በኃይል መገልበጥም «መፈንቅለ መንግሥት» የተባለው ከዚሁ ግስ ነው። ከዚህ «አፈናቀለ»፥ «ተፈናቀለ» ይወጣል። እንግዲህ የእኛ ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ኃይለኛ ነው ለማለት ይቻላል፤ የእንግሊዝኛው ስፍራን ብቻ ሲያነሣ የእኛው ከሥር የገባውን እንጨትና የገፋውን ክንድ ያሳስባል። «ተፈናቃይ» ብለን በጻፍን ጊዜ ግን ያ ክንድ ይጠፋል። «አፈናቃይ» የሚለው ስም በቋንቋችን አለ፤ በመዝገብ ላይ ግን እምብዛም አይገኝም።

ሌላ ችግር ደግሞ አለ፤ ይኸውም «መፈናቀል» በመንግሥት ወረቀት ላይ እርስ በርሳቸው ለማይገናኙ ነገሮች መዋሉ ነው። ሠራተኛ ከሥራው ሲወጣ «ከሥራ ገበታው ተፈናቀለ» ይባላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ፥ መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በዚህ ስፍራ ቃሉ ለመንገድ፥ ለግድብ ወይም ለፋብሪካ መሬቱን የለቀቀውን ሰው የሚያመለክት ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ፋብሪካዎች በበዙ ጊዜ መሬታቸውን የለቀቁ ገበሬዎች በዚህ ትርጓሜ ተፈናቃዮች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ካሣ ነው። ሦስተኛው ቤቱ ተቃጥሎ፥ ወገኑ ተገድሎ በሌሊት የሸሸው ሰው ነው፤ የሚጠይቀውም አስቀድሞ ጥበቃና መጠጊያ፥ ቀጥሎም ፍትሕ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ቢሰለፉ፥ በአንድ ቃል ተጽፈው በአንድ ፋይል ሊገቡ ይችላሉ። የአንዱ ጉዳይ የሚመራው ወደ መሬት አስተዳደር ነው፥ የሌላው ግን ወደ አደጋ መከላከልና ወደ ፍርድ ቤት ነው። ፋይሉ አለቦታው ሄዶ በተመለሰ ቍጥር የሚንከራተተው ባለጉዳዩ ነው።

«ስደተኛ» የሚለውን ቃል በዚህ ምትክ የሚጽፉ አሉ፤ ይህም ሌላ ስሕተት ነው። የእንግሊዝኛው «ሬፊውጂ» ከላቲን የመጣ ሲሆን መጠጊያን የሚመለከት ነው፤ በ1685 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ንጉሥ የፕሮቴስታንቶችን የሃይማኖት ነፃነት በሻረ ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ለሸሹት ሰዎች የተሰጠ ስም ነው። የእኛ «ስደተኛ» ግን የሚመለከተው ወደ ኋላ ነው፤ «ሰደደ» ማለት ማባረርም ነውና፥ ስደት የሚለው ስም አሳዳጁን ያስታውሳል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው የጠላት ዘመን ይህ ስም ክብር ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ስደተኛ ነበሩ፤ ከድል በኋላም ሰው አርበኛ ነበርህን፥ ስደተኛ ነበርህን፥ ወይስ ባንዳ፧ ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ለስደተኞችም ሜዳይ ተሠርቶላቸዋል። በዛሬው ሕግ ግን ስደተኛ የሚባለው የአገሩን ወሰን አልፎ በሌላ መንግሥት ጥበቃ የገባ ሰው ነው። የ1951 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነትና በ1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት የሚናገሩት ስለ እርሱ ነው። ከወለጋ ወደ ሸዋ የመጣውን ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ብሎ የሚጽፍ ሹም፥ ሳያውቀው በገዛ አገሩ የውጭ አገር ሰው አደረገው ማለት ነው።

ካህናት አባቶቻችን በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ይጠይቁ ይሆናል። ግዕዝ «ፈለሰ» የሚል ግስ አለው፤ የእመቤታችንም ሥጋ መፍለስ ፍልሰታ ይባላል፤ ታዲያ ስለ ምን «ፈላሲ» አንልም፧ ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ግዳጅን አያሳይም። የቅዱሳን ዐፅም በክብር ይፈልሳል፥ መናኝም በፈቃዱ ይፈልሳል፤ ዛሬም «ፍልሰተኛ» የሚባለው እንጀራ ፍለጋ የወጣው ጭምር ነው። «ግዞተኛ» በፍርድ የተወሰደ ነው፥ «ምርኮኛ» በጦርነት የተያዘ ነው። «መጻተኛ» ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም የምናውቀው ነው፤ እርሱም መምጣቱን እንጂ ከምን እንደ ሸሸ አይናገርም። ስለዚህ «ተፈናቃይ» የሚለውን ጣሉት አንልም፤ የተሻለ አላገኘንም። የምንለው በተገባው ሰው ላይና በተገባው መዝገብ ላይ ብቻ ይጻፍ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ደብረ ብርሃን የመጡት ሰዎች በአንድ ጊዜና በአንድ ምክንያት የመጡ አይደሉም። በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ከአጣዬና ከአካባቢው የሸሹ መጡ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ከሰሜን የሸሸው ሕዝብ ከተማይቱን ሞላት፤ ከዚህ አብዛኛው ጦርነቱ ሲመለስ አብሮ ተመለሰ። ከወለጋ የመጡት ግን ከሁሉ ረዥሙን ጊዜ ቆዩ። ከነርሱ ወደ ቀያቸው የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። የከተማይቱ ሰው፥ ራሱ በብርዱና በኑሮ ውድነት ሲቸገር፥ ልብሱንና እንጀራውን ማካፈሉ ሊመሰገን ይገባዋል። ከመጠለያዎቹም አንዱ «ቻይና ካምፕ» ይባላል።

«ካምፕ» ያልነውን ቃል አባቶቻችን ሠፈር፥ በጥንቱም አነጋገር ከተማ ይሉት ነበር። «ከተመ» ማለት ንጉሥ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነውና። ደብረ ብርሃን ራሷ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፥ በሰማይ ብርሃን ከታየ በኋላ፥ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው የከተሙባት ስፍራ ናት፤ የቀረ ዘመናቸውንም አብዛኛውን በዚያ አሳለፉ። እንግዲህ በሠፈርነት ጀምራ ከተማ የሆነች አገር፥ በሠፈር ውስጥ የተወለደውን ሕፃን የከተማው ልጅ አይደለም ለማለት ሌላ ሰው ሁሉ ቢደፍር እርስዋ አትደፍርም ብለን እናምን ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በቅርብ ጊዜ የተለመደው አጠራር ነው። አንዳንድ ሹማምንትና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች በስብሰባ ላይ «አይዲፒዎቹ» ሲሉ እንሰማለን። ይህ «በአገር ውስጥ የተፈናቀለ ሰው» ለማለት የሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት መጀመሪያ ፊደል ነው። ከሦስቱ መጨረሻው «ፐርሰን» ማለትም «ሰው» የሚለው ነበር፤ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ግን ከድምፅ በቀር ምንም አልቀረለትም። ቃሉ የገባበትን እንግሊዝኛ ሰውየው ራሱ አያውቀውም፤ ስለ እርሱ በተጠራው ስብሰባ ተቀምጦ ስለ ማን እንደሚነገር ላይገባው ይችላል።

አንድ ባለሥልጣን እንዲህ ብሎ ሊከራከረን ይችላል። ስም ባይሰጣቸው ስንዴው ለማን ይታደላል፧ መዝገብስ ያለ መለያ እንዴት ይያዛል፧ ክርክሩ እውነት አለው። ለእርዳታ የሚጠበቅ መዝገብ ሊኖር ግድ ነው፤ በዚያም «ተፈናቃይ» ተብሎ መጻፍ ይገባል። ነገር ግን የእርዳታ መዝገብ ሌላ ነው፥ የትምህርት ቤት፥ የጤና ጣቢያና የነዋሪነት መዝገብ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የሚጠይቀው በሰውዬው ላይ ምን ደረሰ ብሎ ነው፤ ሁለተኛው የሚጠይቀው ዛሬ የት ይኖራል ብሎ ነው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ «ደብረ ብርሃን» ነው እንጂ «ተፈናቃይ» ሊሆን አይችልም፤ ተፈናቃይ የሚባል ቀበሌ የለምና።

ሕጉም ከዚህ ጋራ ይስማማል። በአገራቸው ውስጥ ስለ ተፈናቀሉ ሰዎች በዓለም ላይ የተለየ ሕግ ሳይኖር ብዙ ዘመን አልፏል፤ በ1990 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የመመሪያ መርሖችን ተቀበለ፤ ሥራውን የመሩት የሱዳን ተወላጅ ፍራንሲስ ዴንግ ናቸው። ከዚያም የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ዓ.ም. በካምፓላ ስምምነት አወጣ፤ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. አጸደቀችው። ይህ ስምምነት በ13ኛው አንቀጽ መንግሥታት የተፈናቀሉትን እንዲመዘግቡ ያዝዛል፤ ነገር ግን በዚያው አንቀጽ መታወቂያና የልደት ማስረጃን የመሰለ ለመብታቸው የሚያስፈልገውን ወረቀት እንዲሰጧቸው ያዝዛል። በልማት ሥራ ምክንያት ስለሚነሡትም በ10ኛው አንቀጽ ለብቻው ተናግሯል፤ እኛ የቀላቀልነውን እርሱ ለይቶታል። በሕገ መንግሥቱም 32ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሩ ክፍል የመኖር ነፃነት አለው። ስለዚህ መዝገብ ለመብት መንገድ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ በመብት ፋንታ የሚሰጥ ስም እንዲሆን አይደለም።

ስለ «መመለስ» ደግሞ ጥቂት እንበል። «ሪተርን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ነበሩበት መሄድን ይናገራል፤ በሕጉም ሲጻፍ «በፈቃድ፥ በደኅንነትና በክብር» የሚሉ ቃላት ይከተሉታል። በእኛ አገር ደብዳቤ ላይ እነዚህ ተከታዮች ብዙ ጊዜ ይወድቁና «ተመላሽ» የሚለው ብቻውን ይቀራል። ከዐረብ አገር የተባረረውም፥ ከስደት የመጣውም፥ ወደ ተቃጠለ ቤቱ በመኪና የተጫነውም ሁሉ ተመላሽ ነው። ሕጉ ግን ከመመለስ ሌላ ሁለት መንገድ ያውቃል፤ በሸሹበት ስፍራ መኖርን፥ ወይም በሦስተኛ ስፍራ መሥፈርን። ምርጫውም የተፈናቀለው ሰው ነው።

ካህናት ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በጽጌ ወራት ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት ታስባለች። የሕግ ሰው ቢከራከር፥ ይሁዳም ግብፅም በዚያ ዘመን በሮም ቄሣር ሥልጣን ሥር ስለ ነበሩ፥ ነገሩ እንደ ስደተኛ ነው ወይስ እንደ ተፈናቃይ፧ ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ለዚህ ክርክር አሁን ቦታ የለንም። እኛን የሚመለከተን ፍጻሜው ነው። ሄሮድስ በሞተ ጊዜ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ነገር ግን በይሁዳ አርኬላዎስ በአባቱ ፋንታ መንገሡን ሰምቶ ወደዚያ መሄድን ፈራ፥ ወደ ገሊላም ፈቀቅ ብሎ በናዝሬት ተቀመጠ። ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ወደ ሸሸበት ወደ ቤተ ልሔም ግን አልተመለሰም። ፍርሃቱንም ማንም አልነቀፈበትም። ጌታችንም ከዚያ ወዲያ የተጠራው ናዝራዊ ተብሎ ባደገባት ከተማ ስም ነው፤ በናዝሬት ሰዎች መካከል «ከግብፅ የመጣው» የሚል ስም አልወጣለትም።

የደብረ ብርሃኑን ሕፃን ወረቀት አርሞ ለመጻፍ አዲስ ደንብ ማውጣት አያስፈልግም፥ ከአዲስ አበባም ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም። በዐምዱ ላይ ያለውን አንድ ቃል ሰርዞ የተወለደበትን ከተማ ስም መጻፍና በሥሩ መፈረም ይበቃል፤ ይህንም በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ የተቀመጠ ጸሓፊ ሁሉ ነገ ጧት ሊሠራው ይችላል።